ነባሪ

ረቡዕ ማታ ነበር፣ ካስትሮ ወደብ ላይ፣
ቆርቆሮውን እየደበደበ ዝናብ ሲወርድ ከሰማይ፤
በግንድ እግሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ቢሮ ተቀምጬ፣
አንድ ፊደል ነካሁ፣ የማህደሩን ስም በትንሹ ለውጬ።
ለጽዳት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ሞከርሁት፤
በእኔ ስልክ ሠራ፤ ለጀልባዋም ላክሁት።

የጀልባዋ ስም ፖርፊያዳ ነው፣ እልኸኛ ማለት፤
መድኃኒት ጭና ከደሴት ደሴት የምትንከራተት።
ሊሳንድሮ ዌንቴዮ፣ መርፌ ወጊ፣ ቁስል አጣቢ፣ ሲቸግር መልሕቅ ጎታች፣
ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ያኖራል ከሹራቡ ታች።
ከቼሊን ወዲያ ኔትወርክ የለም፤ ሰማዩ ዝም ይላል።

ስለዚህ መተግበሪያው ገና ዓይኑን ሲገልጥ፣
ደጅ ወጥቶ አይጣራም፤ የሚጠይቀው ከውስጥ፣
ከስልኩ ጓዳ ነው።
እዚያ አንዲት ፋይል አለች፤ ሠላሳ አንድ መስመር፣ ክብደቷ እንደ ምንም ነው።
የጻፈቻት ኑሪያ ናት፣ ከእኔ በፊት የነበረች፣
ወንበሯን ትታልኝ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማዕድኑ አገር የሄደች።
የፊደል መጠን፦ ሃያ ሁለት። የሊሳንድሮ ዓይን ደክሟል።
ደወል፦ ዝም። የታመመ ሰው ተኝቷል።
የቤቶች ተራ፦ እንደ ውኃው ሙላት፤ በቁጥር አይደለም፤
አፒያኦ ዳር ባሕር ይሸሻል፣ የሸሸ ባሕር ጀልባ አይሸከምም።

ሐሙስ ጠዋት መተግበሪያው ነቃ፤ ወደ ጓዳው ገባ፤
በሰጠሁት አዲስ ስም ተጣራ።
አቤት ያለው የለም።
አልጮኸም፣ አልወደቀም፣ ቀይ ጽሑፍ አላወጣም፤
ፋይሉን ያጣ መተግበሪያ እንዳልሰማ ያልፋል እንጂ አይቆጣም።
ነባሪውን አነሣ፤
ነባሪ ማለት ለሁሉም የተሰፋ ልብስ፣
ለማንም ልክ የማይሆን።

ፊደሉ እንደ አሸዋ ደቀቀ። ደወሉ በየበሩ ጮኸ።
ቤቶቹም በቁጥር ተሰለፉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እንደ ሰልፈኛ፤
ባሕሩ ቁጥር አልተማረ፣ በራሱ ሰዓት ሸሸ፤
ፖርፊያዳም በሆዷ ጭቃው ላይ ተኛች እንደ በሽተኛ።
ስድስት ሰዓት ሙሉ።
ሊሳንድሮ ሱሪውን ሰብስቦ፣ የበረዶ ሣጥኑን ተሸክሞ፣
ጭቃውን በእግሩ አቋረጠ፣ በየመሐሉ ቆሞ።
አራት ቤት ደረሰ። አምስተኛው ቀረ፤ መሸ።

ማታ በሬዲዮ ተገናኘን። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁት።
«ትናንት እኮ ያውቀኝ ነበር» አለ። «ምን አደረግሁት?»

ዓርብ ገመዴን በቦርሳዬ ይዤ ተሳፈርሁ፤
ስልኩን ከላፕቶፔ አገናኝቼ፣ ጓዳ ጎድጓዳውን በረበርሁ።
አለች!
በአሮጌው ማህደር፣ በአሮጌ ስሙ፣ ሠላሳ አንዱም መስመር፣
አንዲት ነጥብ ሳትጎድላት፣ ደጇን ዘግታ ነበር።
የጠፋሁትስ እኔ ነኝ፣ ቤቱን እያወቅሁ በር የሳትሁ፤
በሌላ ሰው ስም ተጣርቼ «የለችም» ብዬ የተመለስሁ።

ማረሚያው አራት መስመር አይሞላም።
መጀመሪያ በአዲሱ ስም ጥራ፤
ዝም ካለ በአሮጌው ድገም፤ ካገኘሃት እጇን ይዘህ ወደ አዲሱ ቤት ምራ፤
ሁለቱም ዝም ካሉ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣
እያፈርህ ወደ ነባሪው ሂድ።

ወደ ቀረው ቤት፣ ወደ ኦርፌሊና ስንቀዝፍ፣
በስተምሥራቅ ውኃው ተሰነጠቀና ነጭ እስትንፋስ ወጣ በሰልፍ፤
ዓሣ ነባሪ።
ስሙ ነባሪ ነው እርሱም፤ መንገዱን ግን ያውቃል፣ ማንም ሳይነግረው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሠላሳ አንደኛዋ መስመር።
ኮዱ አይጠራትም፤ ለማሽን አልተጻፈችም።
ማስታወሻ፦ የኦርፌሊና ውሻ ይነክሳል፤ ከጀልባ ሳትወርዱ አፏጩ።
ለሊሳንድሮ አላነበብሁለትም።
ጠጠሩ ከቀፎው ሥር ሲንኳኳ ግን፣ መቅዘፊያውን አኖረና
ከንፈሩን አሾለ፤ ሁለት ጊዜ፣ ረጅምና አጭር።
ከእርሱ ወደ ኑሪያ ይሁን ከእርሷ ወደ እርሱ፣ አልጠየቅሁም።
ከጉብታው ላይ ውሻው ዝም አለ።